ገደል የያዘው ውኃ

ስሙኝማ እህቶቼ። ሐምሌ ላይ እዚህ ኩዌት፣ ቁርጡባ ውስጥ የቀዝቃዛውን ቧንቧ የከፈተች ሁሉ ነገሩን ታውቀዋለች። እጇን ትሰዳለች፤ ወዲያው ትመልሳለች። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ነው፤ ጣሪያውን ደግሞ ፀሐይ ከጠዋት ጀምራ ስትቀቅለው ውላለች። ታዲያ ምን እናደርጋለን? ቦይለሩን እናጠፋለን። ቦይለሩ ቤት ውስጥ በኤሲ አየር ተከቦ ስለሚውል በሆዱ የያዘው ውኃ ይበርዳል። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ገላችንን የምንታጠበው በቀዩ ምልክት ነው፣ በሰማያዊው አይደለም። አዲስ የመጣች ልጅ ይህን እስክትማር ድረስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስትጮኽ ትሰማላችሁ፤ እኛም እንስቃለን።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ውኃ ነው። ሩቅ ገደል ልወስዳችሁ ነውና ተመቻቹ። የኩዌት ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ማለቴ ነው፣ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይላል። እረፍቱን ያገኘችው እዚህ አጠገቤ ተቀምጣለች። ያላገኘችው በስልኳ፣ በኢሞ ነው የምትሰማኝ፤ በአንድ ጆሮዋ ሽቦ ሰክታ ሳህን እያጠበች። ሳህኑ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ግድ የለም፣ እጠቢ።

መጀመሪያ ይህ የምታጥቢበት ውኃ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ኩዌት ወንዝ የላትም። አንድም። ነዳጁ ከመምጣቱ በፊት የዚህ አገር ሰው የሚጠጣውን ውኃ በጀልባ ያስመጣ የነበረው ከሻት አል-አረብ ነው፤ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ተገናኝተው ወደ ባሕር ከሚገቡበት። ጀልባው ወደብ ሲደርስ ውኃ ሻጮች በአህያና በትከሻ ተሸክመው ቤት ለቤት ያዞሩት ነበር። ዛሬ አዛውንቶቹ ዲዋኒያ፣ እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ፣ ተቀምጠው ይህን ሲያወሩ ሻይ ይዛችሁ የምትገቡ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሹዌይክ ላይ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ጣቢያ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አገሩ የሚጠጣው ባሕሩን ነው።

አሠራሩን ስሙ። በዶሃ፣ በሱቢያ፣ በአዝ-ዙር ባሕር ዳርቻ ነዳጅና ጋዝ ይነዳል። እሳቱ ውኃ አፍልቶ እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ ተርባይን አዙሮ መብራት ይሰጣል። ጉልበቱ ገና አላለቀምና ያው እንፋሎት የባሕሩን ውኃ አትንኖ ጨዉን ያስቀረዋል። መብራቱና ውኃው ከአንድ እሳት የተወለዱ መንትዮች ናቸው። አሠሪያችሁ ማዳም «ውኃ አታባክኚ» ስትል ከንፈራችሁን የምትመጡ፣ እያንዳንዱ ባልዲ ነዳጅ የተቃጠለበት መሆኑን እወቁ። ይህን ያህል ተለፍቶበትም በየቪላው አጥር ሥር ሰቢል የሚሉት የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ተተክሎ ታያላችሁ፤ አላፊ አግዳሚው፣ በሞተር ምግብ የሚያደርሰው ልጅ ሳይቀር፣ በረዶ የመሰለ ውኃ በነፃ ጠጥቶ ያልፋል። በዚህ እንኳ አላማቸውም።

የተጣራው ውኃ ደግሞ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ወደ ቤት እንዲወርድ። ለዚህ ነው በየአካባቢው እነዚያ ነጭና ሰማያዊ እንጉዳይ መሳይ ጋኖች የቆሙት። ከሁሉ የታወቁት ግን ባሕሩ ዳር ያሉት፣ ፎቶ የምንነሣባቸው የኩዌት ማማዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕዝብ ተከፈቱ፤ ማሌኔ ብዮርን የምትባል የዴንማርክ ሴት ናት ቅርጻቸውን ያወጣችው። ረጅሙ 187 ሜትር ነው። ኳሶቹ ጌጥ እንዳይመስሏችሁ፤ ሁለቱ ማማዎች በኳሶቻቸው ውስጥ በጠቅላላው 9,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 187ንና 9,000ን፣ ያዙልኝ። በኋላ እፈልጋቸዋለሁ።

እንግዲህ ኩዌት ውስጥ እሳት ውኃ ይወልዳል ማለት ነው። እኛ አገር ውኃ እሳት ይወልዳል።

እዚህ ላይ ስደርስ አንዷ የአዲስ አበባ ልጅ አቋረጠችኝ። «እትዬ፣ የሕዳሴውን ግድብ ልትነግሪን ነው? እኔ እኮ ቦንድ ገዝቻለሁ!» አለች። ገዝታለች፣ አልዋሸችም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ እስከ ምረቃው፣ እስከ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዚህ ከባሕረ ሰላጤው ከደመወዟ ያልቀነሰች ጥቂት ናት።

ከወዲያ ጥግ የተቀመጠች የዝቋላ ልጅ ግን ፊቷ ተለወጠ። የሸዋውን ዝቋላ አይደለም የምላችሁ፤ የዋግ ኽምራውን ዝቋላ ነው። «ከአባይ በፊት ግድብ የለም መሰለሽ?» አለቻት። «የእኛን ውኃ አይቼው ነው ያደግኩት።»

እውነቷን ነው። ቆቃ አለ፣ ፊንጫ አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። እሷ ያለችው ግን የተከዜን ነው። ለእሱ ቦንድ አልተሸጠም፣ ዘፈንም አልጎረፈለትም፤ እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ መመረቁን በጊዜው የሰማን ጣት የማንሞላ ነን። ለአባይ ያጨበጨብነውን ያህል አንድ ምሽት እንኳ አላወጋንለትም። ስለዚህ ዛሬ የተከዜ ተራ ነው።

ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ደጋ ነው፤ ላሊበላ ካለበት አገር። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይላል፤ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ይዞራል፣ ከዋግ ጽላሬን ተቀብሎ። ከዚያ የሰሜን ተራሮችን በስተምሥራቅ እየታከከ ይወርዳል። ተራሮቹ እነ ራስ ዳሸን ናቸው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ። ወንዙ በበኩሉ መሬቱን ሰንጥቆ ቆላ ወርዷል። ከአፋፍ እስከ ውኃው ያለው ጥልቀት አንዳንድ ቦታ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። እላይ ገብስ ያጭዳሉ፣ ጋቢ ደርበው። እታች አዞ ፀሐይ ይሞቃል። ሁለቱን የሚለያቸው የአንድ ቀን ቁልቁለት ነው፤ መመለሻው ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ወንዝ ጠላትም ወዳጅም ነው። በጋ ሲሆን ይመነምናል፤ መልካ መልካውን የሚያውቅ ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ፍየሉን ነድቶ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ከላስታ የወረደው ጎርፍ ቀይ አፈር ተሸክሞ ይመጣል፤ ያኔ ወዲህና ወዲያ ያለው ዘመድ እስከ ጥቅምት ድረስ ሠርግም ለቅሶም አይደራረስ። ነገሥታትም ይህን መልካ መቁጠር ነበረባቸው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ኖባዎችን የወጋበትን ዘመቻ አክሱም ላይ በድንጋይ ሲያስቀርጽ ተከዜን በስሙ ጠርቶታል፣ የተሻገሩበትን መልካ ሳይቀር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲሄድ ተሻግሮታል፤ ስለ አዞውና ስለ ጉማሬው ጽፎልናል። ተከዜ የማን ድንበር ነው የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሣውም። አንሥቼው የቀዘቀዘ ቡና ብዙ ነው።

አሁን ወደ ግድቡ እንምጣ። ሥራውን የያዘው የቻይና የውኃ ሥራ ኮርፖሬሽን ነበር፣ በኋላ ሲኖሀይድሮ ብለን የለመድነው። ቦታው ከአብይ ዓዲ በስተምዕራብ ያለ ጠባብ ገደል ነው፤ መንገድ የሌለበት። ስለዚህ ወንዙ ጋ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ራሱ መቆረጥ ነበረበት፤ ገደሉን እየፈነቀሉ፣ እየዞሩ እየዞሩ ወደ ታች። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ የተርባይኑ ጎማ ሁሉ በዚያ ጠመዝማዛ ነው የወረደው። ከበድ ያለ መኪና ፍሬን ይዞ ሲወርድ የሚሰማውን ጩኸት የሊማሊሞን መንገድ የምታውቁ ገምቱት።

ግድብ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አባይ ላይ ያለው ዋናው ግድብ 145 ሜትር ከፍታ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የሚቆመው በክብደቱ ነው። የተከዜው ግን ቀጭን ነው። ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ገደሉ ላይ የተከለ ሰው አስቡ። ውኃው በገፋው ቁጥር እጆቹ ገደሉን ይበልጥ ይጫኑታል። መሐንዲሶቹ በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ቅስት ይሉታል፤ ወደ ጎንም ይጎብጣል፣ ከላይ ወደ ታችም ይጎብጣል። እንግዲህ ሸክሙን የሚችለው ኮንክሪቱ ብቻውን አይደለም፤ ተራራው ነው። ለዚህም ነው ጠባብና ጠንካራ ገደል የተፈለገው። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ እንዲህ ዓይነት ግድብ አይታሰብም።

ኮንክሪት ደግሞ አመለኛ ነው። ሲጠነክር ከራሱ ውስጥ ሙቀት ያወጣል። የቆላው ሙቀት ተጨምሮበት በአንድ ጊዜ ቢሞላ፣ በኋላ ሲበርድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቅስት በየብሎኩ ነው የሚሞላው። በብሎኩ ሆድ ቀጫጭን ቧንቧ ይቀበራል፤ በቧንቧው ቀዝቃዛ ውኃ ይዞራል። ብሎኩ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ከዚያ በብሎክና በብሎክ መካከል የቀረው ስንጥቅ በሲሚንቶ ይደፈናል፤ ያን ጊዜ ግንቡ አንድ አካል ይሆናል። እዚያ ገደል ውስጥ በላባቸው የሠሩት፣ ብረት ያሠሩት፣ ኮንክሪት የገፉት የአገሬው ልጆች ብዙ ናቸው። የምረቃ ንግግር ስማቸውን አይጠራም፣ ልማዱ ነው።

ተራራው ግን ዝም ብሎ አልተሸከመም። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ግድም ገደሉ ተናደ። ትልቅ ናዳ ነው። እንደገና እንዳይናድ የድጋፍ ግድግዳ ተሠራ፤ ለእሱ ብቻ 42 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። መጀመሪያ 224 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ የተጀመረው ሥራ ሲያልቅ 360 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። የገደሉን ባሕርይ ሳያጠኑ ሒሳቡን ቀድመው ያሰሉ ሰዎች ጥፋት ነው የሚል አለ፤ እኔ ደግሞ ገደል እስኪነካ ድረስ ባሕርዩን አያወጣም ባይ ነኝ።

ኅዳር 5 ቀን 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ መረቁት። እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አምጡ። የኩዌቱ ረጅም ማማ ስንት ነበር? 187። የተከዜው ግንብ 188 ሜትር ነው። በአንድ ሜትር ይበልጣል! ማማው ሥር ቆማችሁ አንገታችሁ እስኪታመም ወደ ላይ ስታዩ፣ ያን ያህል ቁመት ያለው ግንብ ከዳር እስከ ዳር ገደል ዘግቶ አስቡት። ያን ጊዜ ከአፍሪካ ቅስት ግድቦች አንደኛ ነበር፤ የሌሶቶውን ካትሴን በሦስት ሜትር በልጦ። በኋላ ጊቤ ሦስት መጥቶ በቁመት አለፈው፤ እሱ ግን ቅስት አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥር 9,000 ሜትር ኩብ ነበር። ከተከዜ ግድብ ጀርባ የተኛው ሐይቅ 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ሁለቱን የኩዌት ማማዎች ሚሊዮን ጊዜ ሞልታችሁ ብትገለብጡ ነው የሚሞላው። «ሚሊዮን?» አለች የአዲስ አበባዋ ልጅ። አዎ፣ ሚሊዮን፤ ስልክሽን አውጪና አስዪው።

ሐይቁ እንደ ጣና ክብ አይደለም። ገደሉን ተከትሎ ወደ ደቡብ ተጠማዝዞ ተኝቷል፤ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ርዝመቱ፣ ወደ ዋግ ይዘልቃል። በየጎኑ ቀድሞ ሸለቆ የነበረው ሁሉ ክንፍ ሆኖለታል። ከአፋፍ ሲያዩት ደረቅ፣ ድንጋያማ፣ አመድ መሳይ ተራራ መካከል አረንጓዴ ውኃ ይታያል፤ የተከዜ ቀይ አፈር ሐይቁ አፍ ላይ ስለሚቀመጥ ከግድቡ አጠገብ ያለው ውኃ ጥርት ያለ ነው። አገሩ ድርቅ የሚመላለስበት፣ ፍየልና ማር የሚወደስበት አገር ነው። እንዲህ ያለ ውኃ እዚያ መካከል ማየት ዓይን አልምድም ይላል።

የዝቋላዋ ልጅ ውኃው ሲሞላ ሕፃን ነበረች። የነገረችኝን ልንገራችሁ። ልጆቹ ማታ ከብት ሲመልሱ ከውኃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን። ጠዋት ሲመጡ ድንጋዩ ውኃ ውስጥ ገብቷል። የማን ድንጋይ ይበልጥ ጠለቀ ብለው ይወራረዱ ነበር። ትልልቆቹ ግን አይስቁም። አንድ ቀን አባቷ ፍየሎቹን የሚያሻግርበት መልካ ላይ ያለች ዋርካ ግማሿ ቀረች፤ ቀጥሎ ጫፏ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማዶ ያለችው አክስቷ ሩቅ አገር ሆነችባቸው። ቀድሞ ክረምት ነበር የሚለያያቸው፤ አሁን በጋም ሆነ። ጀልባ ያለው ይሻገራል፤ የሌለው ዞሮ ይሄዳል፤ ዙሩ ደግሞ የቀናት ነው።

መብራቱስ? አትቸኩሉ። ውኃው በዋሻ ተመርቶ ከመሬት በታች ወዳለው የኃይል ቤት ይወርዳል። እዚያ አራት ተርባይኖች አሉ፤ እያንዳንዱ 75 ሜጋ ዋት፣ በድምሩ 300። ከዚያ ኤሌክትሪኩ በከፍተኛ መስመር 105 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ አቋርጦ መቀሌ ይገባል፤ ከዋናው የአገሪቱ መረብ ጋር ይቀላቀላል። ከፍተኛ መስመር በመንገዱ ላሉ መንደሮች አይወርድም፤ ለመውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ሌላ በጀት ነው። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዛሬም መስመር አልደረሰውም። ስለዚህ ሽቦው ከራሱ በላይ ሲያልፍ እያየ በኩራዝ የሚያመሽ ሰው ብዙ ነው። ይህን ስል ግድቡ ባልተሠራ እያልኩ አይደለም። 300 ሜጋ ዋት በዚያ ዘመን ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከተማው በፈረቃ መብራት ሲያጣ የነበረበት ጊዜ ነው። የሚያናድደኝ የተራው ቅደም ተከተል ነው። ገደሉ የእነሱ፣ መልካው የእነሱ፣ ዋርካዋ የእነሱ፤ መብራቱ ግን ለእነሱ መጨረሻ ላይ።

ፈረቃ ሲባል ኩዌትንም እንዳትረሱ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሙቀቱ በርትቶ ጣቢያዎቹ አልችል ሲሉ እዚህም በፕሮግራም መብራት ጠፍቶ ነበር። ያኔ ማዳም ላብ በላብ ሆና «የናንተ አገርም እንዲህ ነው?» ስትላት፣ አንዷ «እኛማ ለምደነዋል» ብላ መለሰችላት። ደፋር ናት፣ ስሟን አልናገርም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ዓ.ም. እሳቱ ሲነሣ ተከዜ እንደገና የጥንቱን ሆነ፤ ማን ተሻገረ፣ ማን አልተሻገረም የሚባልበት። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ ተከዜ ላይ ያለ ትልቅ ድልድይ ፈረሰ፤ እርዳታ የጫነ መኪና ሳይቀር ዳር ቀረ። ከዚያ በላይ ልተርክ አልፈልግም፤ እዚህ የተቀመጥነው ከወዲህም ከወዲያም ነን፣ ቡናውም የጋራ ነው።

ውኃው ግን ለማንም ሳይቆም ወደ ታች ይሄዳል። ከተርባይን የወጣው ተከዜ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ ከአትባራ ጋር ይገናኛል፤ አትባራ ደግሞ ከአባይ ጋር። ቦንድ የገዛሽ ልጅ፣ ታላቁን ወንድም እዚያ ታገኚዋለሽ። ሱዳኖች ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ካሽም አል-ጊርባ የሚባል ግድብ አትባራ ላይ ሠርተው ነበር፤ በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ የተፈናቀሉት ኑቢያዎች እዚያ አርሰው እንዲኖሩ። ከእኛ ደጋ የታጠበው አፈር ግን ገብቶበት ከሚይዘው ውኃ ግማሽ ያህሉን ቦታ ቀማው። ዛሬ የዚያ አፈር ብዙው ተከዜ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ለሱዳን እፎይታ ነው፣ ለሐይቁ ግን ዕድሜ ይቀንስበታል። ላስታና ዋግ ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ ለራሱ ማሳ የሚሠራ ይመስለዋል፤ የተርባይኑንም ዕድሜ እያስረዘመ ነው፤ ክፍያ ግን የለውም።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙ፤ እኔንም ሳውቀው አስቆኛል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2017 በሰቲትና በላይኛው አትባራ ላይ ሁለት አዳዲስ ግድቦች አስመረቀች፤ ሩሜላና ቡርዳና ይባላሉ። ገንዘቡን ከሰጡት አንዱ የአረብ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ልማት ፈንድ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ የት ይመስላችኋል? እዚሁ ኩዌት፣ ሹዌይክ። ከቁርጡባ በታክሲ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ያ የባሕር ውኃ ማጣሪያ በቆመበት በዚያው ሰፈር ካለ ቢሮ በወጣ ብድር የላስታ ዝናብ ሱዳን ላይ ተገደበ ማለት ነው። ወንዝ ከሌላት አገር የወጣ ገንዘብ የእኛ ወንዝ ዳር ደርሷል፤ እኛም የወንዙ ልጆች ደመወዛችን እዚህ ነው። በ60 ዲናር፣ ሕጉ ትንሹ ብሎ በወሰነው።

እንመለስ ወደ ሐይቁ፣ ነገሬ እዚያ ነው የሚያልቀው። መልካው ሲሰጥም የዋግ ልጆች መረብ ጣሉ። ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። አበርገሌና ዝቋላ ላይ ፍየል ጠባቂ የነበሩ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ አጥማጅ ሆኑ፤ ሰቆጣ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም ዓሣውን ሲያጠናላቸው ቆይቷል። ዓሣ ምን እንደሆነ በቅጡ የማያውቅ አገር ዓሣ አገኘ። የዝቋላዋ ልጅ ወንድምም አንዱ ነው። ባለፈው ሳምንት በኢሞ ድምፅ ላከላት፤ ሁላችንም ሰማነው፤ ከኋላው ነፋስ ይጮኻል።

«ዓሣው ሞልቷል እቴዋ፣ መረቡ ነው የተቀደደው» ይላል። «ደግሞ በረዶ የለም። ጠዋት ያወጣነው ሰቆጣ ሳይደርስ ይሸታል፤ ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል። እዚያ ፍሪጅ ርካሽ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?»

ልጅቷ ስልኳን ይዛ ዝም አለች። የምትሠራበት ቤት ሦስት ትልልቅ ፍሪዘር አለ፤ በሮቻቸውን በየሳምንቱ የምትወለውለው እሷ ናት፤ አንዱ ዙበይዲና ሃሙር የሚባሉ ዓሣዎች ብቻ የሞሉበት ነው። ወንድሟ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ውኃ ዳር ተቀምጦ በረዶ አጥቶ ዓሣ ይጥላል። ሳህን የምታጥበዋ ከኢሞ ውስጥ «ወይ ጉድ!» አለች፤ ሳህኑም ለአፍታ ጸጥ አለ።

ከዚያ ምን ትላክለት በሚል ክርክር ተነሣ። አንዷ መረቡን አስቀድሚ አለች፤ ያልተያዘ ዓሣ በረዶ አያሻውም። ሌላዋ የለም፣ መረብ ብትልኪ የሚሸተው ዓሣ ይበዛል እንጂ ገንዘቡ አይበዛም አለች። እኔ ከሁለተኛዋ ጋር ነኝ። የአዲስ አበባዋ ልጅ፣ ያቺ ቦንድ የገዛችው፣ በሶላር የሚሠራ ፍሪዘር መርካቶ እንደሚሸጥ ታውቃለች፤ የራሷ ወንድም ዋጋውን ጠይቆ እንዲነግራት ወዲያው ድምፅ ላከች። ዋጋው ግን የአንድ ሰው ደመወዝ የሚችለው አይመስልም። ስለዚህ ዕቁብ ይጣል ተባለ፤ በየወሩ ከእያንዳንዳችን አሥር ዲናር፣ ሳህን የምታጥበዋም ገብታበታለች። የመጀመሪያውን ለዝቋላዋ ልጅ እንስጣት ብለን ልንስማማ ስንል የአዲስ አበባዋ ልጅ ብቻ እምቢ አለች፤ የፍሪዘሩን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ሆኜ ሳለ ብታስቡኝስ፣ ዕጣ ዕጣ ነው፣ ይውጣ ብላ እስካሁን ትከራከራለች።